ሃያ ሁለት ቁጥርን ባዶውን ያስኬደችው ኢኒድ

ከስካርሞር መንደር ወደ ሌንዴል የሚወስደው መንገድ ቀጥ ብሎ መሄድ ሲችል፣ መሃል ላይ ድንገት ወደ ግራ ይታጠፍና አንድ ሰፊ የሣር ሜዳ ይዞራል። ሜዳው ላይ ምንም የለም፤ ቤት የለም፣ ኩሬ የለም፣ ዛፍ እንኳ የለም። ሃያ ሁለት ቁጥር አውቶቡስ ግን በየሰዓቱ ያንን ባዶ ቦታ በጥንቃቄ ዞሮት ያልፋል። ምክንያቱን ማወቅ ደስ ይላል። መንገዱ ሲሠራ እዚያ ላይ ከከሰል ጉድጓዱ የወጣ ጥራጊ ድንጋይ እንደ ተራራ ተከምሮ ነበር። በኋላ ክምሩ ተነሥቶ ሣር ተዘራበት፤ መንገዱን የሚያቃናው ግን ጠፋና እንደታጠፈ ቀረ። የስካርሞር ነገር ሁሉ እንዲህ ነው፤ ዛሬ የሚታየውን ለመረዳት ትናንት የነበረውን ማወቅ ያስፈልጋል። ቤቶቹ ወደ አንድ ጎን ያዘነበሉት ከሥራቸው ከሰሉ ተቆፍሮ ስለወጣ ነው። ወንዙ የብርቱካን ቀለም የያዘው በተዘጋው ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ዝገቱን ይዞ ስለሚወጣ ነው።

የሰዎቹም ጠባይ ከዚሁ የተለየ አይደለም።

ኢኒድ ሆክስዌል የተወለደችው በላይኛው የቤቶች ረድፍ፣ ዘጠኝ ቁጥር ነው። ያገባችው ዐሥራ አራት ቁጥር የሚኖረውን ራልፍን ነው። ጎረቤቶቿ «ኢኒድ በሕይወቷ ሙሉ የተጓዘችው አምስት በር ነው» እያሉ ይቀልዱባታል። ራልፍ ከመሬት በታች ፈንጂ የሚያፈነዳ ሠራተኛ ነበር፤ እሷ ደግሞ ላይ፣ በጉድጓዱ ምግብ ቤት፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሾርባ ቀድታለች። በታላቁ የከሰል ሠራተኞች አድማ ዓመት በሠራተኞቹ ክበብ ውስጥ ለሁለት መቶ ሰው በየቀኑ ድንች ትልጥ ነበር። ጉድጓዱ ሲዘጋ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ገባች፤ ጡረታ የወጣችውም ከዚያ ነው።

በሰባ አንድ ዓመቷ አንድ ሥራ ብቻ ቀርቷት ነበር። ራልፍ ሳንባውም አእምሮውም ደክሞ ሌንዴል በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ከገባ ሦስት ዓመት ሆኖታል። እዚያ ያሉትን ሰዎች አያምናቸውም። የሚያቀርቡለትን ምግብ አገላብጦ ያይና ይመልሰዋል፤ ኢኒድ አጠገቡ ተቀምጣ የመጀመሪያውን ማንኪያ ካልቀመሰችለት ምሳ አይበላም። ስለዚህ በየቀኑ በአራት ሰዓት ከዐሥር ትሳፈራለች። እሷ በቀረች ቀን ነርሶቹ መዝገቡ ላይ የሚጽፉት ያው አንድ ቃል ነው፤ «አልበላም»።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ፌርማታው ላይ አንድ የማታውቀው ወጣት ተቀምጦ አገኘች። ጭኑ ላይ ወረቀት የተቆነጠጠበት ሰሌዳ፣ ጣቱ ላይ እስክሪብቶ አለ። ኢኒድ ከመጠለያው ውጭ ቆመች።

«ጥሩ ቀን ነው» አላት ወጣቱ።

«ለማን?»

ወጣቱ ፈገግ አለ። «አውቶቡስ እየጠበቁ ነው?»

«እኔ? አይደለም። አየር እየወሰድኩ ነው።»

«እዚህ ፌርማታው ላይ?»

«እዚህ አየሩ ይሻላል» አለችና ሰሌዳውን በዓይኗ አመለከተች። «አንተስ ምን ትጽፋለህ ልጄ?»

«ለጥናት ነው። ዝርዝሩን መናገር አልተፈቀደልኝም።»

ይህቺን «ጥናት» የምትባል ቃል ስካርሞር ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ሰምቷታል። መጀመሪያ ጥናት መጣ፣ ጉድጓዱ ተዘጋ። ቀጥሎ ጥናት መጣ፣ ክሊኒኩ ተዘጋ። በመጨረሻ ጥናት መጣ፣ የወረዳው ምክር ቤት ራሱ ፈርሶ ወደ ክፍለ ሀገሩ ተጠቃለለ። በአድማው ዘመን ደግሞ የሚጽፉ ሰዎች መንገድ ዳር ይቆሙ ነበር፤ ማን ከማን ጋር ወጣ፣ በማን መኪና ሄደ፣ ሁሉም ይመዘገብ ነበር። በዚያን ጊዜ የተማሩትን ትምህርት ማንም አልረሳውም፤ ለሚጽፍ ሰው ምንም አይሰጠውም።

አውቶቡሱ መጣ። ሾፌሯ ትሪሽ በሩን ከፍታ እንደ ልማዷ «ነይ ግቢ የኔ ሆድ» ልትል አፏን ስትከፍት ኢኒድ በቅንድቧ ምልክት ሰጠቻት። ትሪሽ አፏንም በሩንም ዘጋች። ሃያ ሁለት ቁጥር ባዶውን ሄደ። ወጣቱ አንዲት አጭር ነገር ጻፈ።

ኢኒድ ቤቷ ገብታ የእሳት መቆስቆሻውን አነሣችና የምድጃውን ጀርባ ሦስት ጊዜ መታች። በነዚህ ረድፍ ቤቶች ምድጃዎቹ ጀርባ ለጀርባ የተሠሩ ስለሆኑ ምቱ ግድግዳውን ዘልቆ ጎረቤት ቤት ይሰማል። አንድ ምት «ነይ» ማለት ነው፤ ሁለት ምት «ታምሜአለሁ»፤ ሦስት ምት ደግሞ «የማይታወቅ ሰው አለ» ማለት ነው። ጎረቤቷ ኖርማን ክሬግስ ሰማና የራሱን ምድጃ ሦስት ጊዜ መታ። ቀጥሎ ያለው እንዲሁ። ሻይ ሳይፈላ ነገሩ ረድፉን ጨርሶ መታጠፊያው ጋ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ስልክ ያዘው።

ኖርማን በጓሮ በር መጣ። ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ በመንደሩ ትልልቁን ባሮ ሽንኩርት የሚያበቅለው እሱ ነው።

«ማነው?» አለ።

«አይናገርም። ፌርማታው ላይ ተቀምጦ ይጽፋል። ጫማው ንጹሕ ነው።»

«ከጡረታ መሥሪያ ቤት ይሆናል። በሽተኛ ነኝ ብሎ አበል የሚወስድ ሁሉ አውቶቡስ ላይ ሲዘል ሊይዙት።»

«ወይም መሬቱን ሊለኩት ነው።»

«መሬት የሚለካ ሰው ቆሞ ነው የሚለካው፣ ይኼ ተቀምጧል አላልሽም?» አለና ትንሽ አሰበ። «ለማንኛውም እስኪሄድ ድረስ ማንም አይሳፈር። ራልፍ ጋ እኔ አደርስሻለሁ።»

ወጣቱ ሦስት ቀን ቆየ። ሦስቱንም ቀን ኢኒድ በኖርማን ትንሽ መኪና፣ በአፈርና በባሮ ሽንኩርት ሽታ ታጥና ሌንዴል ሄደች። ሌሎቹም የክበቡን ሚኒባስ ለምነው፣ በዘመድ መኪና ተጠቅጥቀው፣ አንዳንዱም ጉዳዩን ለሳምንት አስተላልፎ አሳለፉት። ሐሙስ ከሰዓት ወጣቱ ሰሌዳውን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ሲሄድ መንደሩ እፎይ አለ። ኖርማን «ባዶ ወረቀት ይዞ ሄደ» ብሎ በክበቡ ውስጥ ለመጣ ሁሉ እየደጋገመ ተናገረ።

ስድስት ሳምንት ቆይቶ ፌርማታው ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት በሦስት ቀን ውስጥ ሠላሳ ስድስት ጉዞ አስቆጥሯል፤ ከስካርሞር የተሳፈሩት አራት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ሃያ ሁለት ቁጥር ከመስከረም መጨረሻ በኋላ አይሠራም።

ኢኒድ ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ወጣቱ የነበረበት ቦታ ላይ ተቀመጠች። ባዶው ወረቀት ምን ማለት እንደሆነ ያኔ ነው የገባት። ልጁ የመጣው አንድ ነገር ሊወስድባቸው አልነበረም፤ መኖራቸውን ሊያይ ነበር። እንዳያይ ያደረገችው ደግሞ እሷ ናት።

ኖርማን ጋ ሄደች።

«መኪናህ አለ አይደል?»

ኖርማን ወደ መሬት አየ። «መኪናው አለ። እኔ ነኝ የሌለሁት። የዓይን ሐኪሙ ባለፈው ሳምንት አትነዳም ብሎኛል። አንቺን ጥግ ላይ ሳይሽ የፖስታ ሳጥን ነው የምትመስይው።»

«እስከ መቼ?»

«ሞራው እስኪገፈፍ። ተራ ያዝ ብለውኛል።»

ከዚህ በኋላ የሆነው፣ አገሩ እንዴት እንደሚተዳደር ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው ጥሩ ትምህርት ነው። ኢኒድ መጀመሪያ የመንደሩን ምክር ቤት ጠየቀች። የመንደሩ ምክር ቤት ሥልጣኑ በአግዳሚ ወንበሮች፣ በአበባ መደቦችና በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ነው፤ ማስታወቂያው የተለጠፈበትን ሰሌዳ ቀለም ሊቀባ ይችላል፣ ማስታወቂያውን ግን ሊነካ አይችልም። የወረዳው ምክር ቤት የነበረበት ሕንጻ አሁን ምንጣፍ ይሸጥበታል። የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ያለው ሩቅ ነው፤ እዚያ ለመድረስ በሃያ ሁለት ቁጥር ሄዶ ሌንዴል ላይ መቀየር ያስፈልጋል። ሌንዴል ደግሞ ከብርቱካንማው ወንዝ ማዶ ስለሆነች በሌላ ክፍለ ሀገር ሥር ናት። አንዱ ምክር ቤት «መንገደኞቹ የናንተ ናቸው» ይላል፤ ሌላው «መድረሻው የናንተ ነው» ይላል። አውቶቡሱ በሁለቱ መካከል ወላጅ የሌለው ልጅ ሆኖ ነበር።

ኢኒድ ወደ ክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ሦስት ጊዜ ሄደች። በሦስተኛው ጊዜ አንዲት ሠራተኛ አዘነችላትና እንዲህ አለቻት። ነዋሪዎቹ ወዴት፣ በየትኛው ቀን፣ ለምን ጉዳይ እንደሚሄዱ ስማቸውን ጽፈው ካቀረቡ ውሳኔው እንደገና ይታያል። ከሠላሳ ያነሰ ፎርም ግን አይቀበሉም።

ስም፤ ቀን፤ መድረሻ፤ ጉዳይ። ስካርሞር ዕድሜውን ሙሉ ለማንም ያልሰጠው እነዚህን አራቱን ነው።

ስብሰባው ረቡዕ ከሰዓት በክበቡ ሆነ። ፎርሙን ይዞ የመጣው ያው ወጣት ነበር። ስሙን ጋቪን ብሎ ተናገረ፤ በምላሹ የራሱን ስም የነገረው ግን የለም። ስልሳ የሚሆን ሰው ኮቱን ሳያወልቅ ተቀምጧል። ፎርሞቹ ጠረጴዛው ላይ እንደተከመሩ ናቸው።

«ይኼ ወረቀት ከዚህ ወጥቶ የት ነው የሚሄደው?» አለ ኖርማን።

«እኔ ጠረጴዛ ላይ። ከዚያ አለቃዬ ጋ።»

«ከአለቃህስ?»

«ኮሚቴው ጋ፣ ጌታዬ።»

«ከኮሚቴው የጡረታ መሥሪያ ቤቱ ስንት ፎቅ ይርቃል?»

ሰው ሳቀ፤ ደስ የሚል ሳቅ ግን አልነበረም። ጋቪን ሳቁ ሲያልቅ ከፎርሞቹ አንዱን አነሣ።

«በዚያን ሰሞን ባዶ መንደር ነው ብዬ አላሰብኩም» አለ። «ከፌርማታው ሆኜ የሚንቀሳቀሱ መጋረጃዎችን ቆጥሬአለሁ። ሠላሳ አንድ ናቸው። ግን ፎርሙ ላይ ለመጋረጃ የተተወ ቦታ የለም።»

ከኋላ አንዲት ሴት «ሠላሳ ሁለት ነው፣ የኔ ከጓሮ በኩል ነበር» አለች። አሁን የተሳቀው ከበፊቱ ትንሽ ይሻል ነበር። ያም ሆኖ ወደ ጠረጴዛው የሄደ የለም።

ኢኒድ ተነሣች። በክበቡ ውስጥ ለሁለት መቶ ሰው ድንች ልጣለች እንጂ ቆማ ተናግራ አታውቅም።

«ምድጃውን መጀመሪያ የመታሁት እኔ ነኝ» አለች። «ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ማንም ግን አልተናገረኝም። ስለዚህ እኔው ልናገረው። ይኼን ልጅ ጠረጠርኩት። አሁንም እጠረጥረዋለሁ፤ ወረቀቱ የት እንደሚደርስ አላውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ነው። እኔ ካልሄድኩ ራልፍ አይበላም። ቢሮው ስለ እኔ ምን እንደሚያውቅና ራልፍ መብላቱን በሚዛን ሳስቀምጠው፣ ይወቅ እላለሁ።»

ሄዳ ተቀመጠችና ጻፈች። በየቀኑ፤ ሌንዴል፤ ባሌን ለማብላት። እስክሪብቶው ክፉኛ ከብዷት ነበር። «ጉዳይ» የሚለው ቦታ ጠባብ ስለነበር ጽሑፉ ወደ ጠርዙ ወጣ።

ኖርማን አጠገቧ ቆሞ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ለማንበብ ሞከረ። «ጻፊልኝ እንግዲህ» አለ በመጨረሻ። «የዓይን ሐኪም በይ። የትኛው ዓይን እንደሆነ ግን አትንገሪው።»

አርባ ሦስት ፎርም ተሞላ። አራቱ ላይ ስሙ ሊነበብ አይችልም፤ ሆን ተብሎ ነው። አንድ ሰው «ጉዳይ» በሚለው ቦታ «የራሴ» ብሎ ጻፈ። ጋቪን ሁሉንም ተቀበለ።

መልሱ በመስከረም አጋማሽ መጣ። የማታዎቹ ጉዞዎች ቀርተዋል፣ እሑድም የለም። የአራት ሰዓት ከዐሥሩ ግን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ይቆያል፤ እሑድ እሑድ ሌንዴል ያለችው የራልፍ እኅት ልትቀምስለት ተስማማች። ደብዳቤው ግርጌ ላይ ሌላ መስመር ነበር። በሚቀጥሉት ስድስት ወራት ቆጠራው እንደገና ይካሄዳል፤ ቀኑ አስቀድሞ አይነገርም፣ ቆጣሪውም ምልክት አይዝም።

ይህቺ መስመር በስካርሞር ላይ ያደረገችውን ማየት የሚያስደንቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሁለት ቁጥር ሞልቶ ነው የሚሄደው። ጉዳይ የሌለው እንኳ ይሳፈራል፤ ማን እንደሚያይ አይታወቅማ። አንድ ሰው ብቻውን ጋዜጣ ይዞ ከተቀመጠ ሁሉም በዓይኑ ጥግ ያየዋል።

በጥቅምት አንድ ሐሙስ ኢኒድ ስትሳፈር ከፊቷ አንድ ቡናማ ኮፍያ ያደረገ የማታውቀው ሰው ተቀምጦ ነበር። እስክሪብቶ አልያዘም። ይኼ ራሱ አጠራጠራት። አውቶቡሱ ባዶውን ሜዳ መዞር ሲጀምር ወደ ፊት ጠጋ አለች።

«ሌንዴል ነው የምሄደው» አለችው፣ ቃሉን ጥርት አድርጋ። «በየቀኑ፣ ከእሑድ በስተቀር። ባሌ ጋ። ኢኒድ ሆክስዌል።»

ሰውየው ዞሮ አያት። «እኔ ለጉልበቴ ሐኪም ጋ ነው» አለ።

ኢኒድ ራሷን ነቅንቃ ወደ መቀመጫዋ ተደገፈች። ቆጣሪ ቢሆንም የሚመልሰው ይህንኑ ነው ብላ አሰበች፤ ሌንዴል ሲደርሱም መጀመሪያ እሱ እስኪወርድ ጠብቃ፣ በእርግጥ ያነክስ እንደሆነ አየች።