ሰፋሪ ሲባል የእኛ ሰዎች መስለውኝ

ወታደሮች የወሰዱኝ አምባሰል ካለው ቤቴ ደጃፍ ምስር ስለቅም ነው። ጫማ እንኳ ሳልቀይር መኪና ላይ ጭነው ከሌሎች ሴቶች ጋር አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ አስገቡኝ። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በቆርቆሮው ቀዳዳ ነው። ወለሉ ማዳበሪያ ማዳበሪያ ይሸታል፤ ጉሮሮ ይከረክራል። ጥፋቴን የነገረኝ የለም። ጠዋት ጠዋት ስም ይጠራል፤ ከተጠሩት ያልተመለሱም አሉ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ከተቀመጥሁበት እነሣለሁ።

አጠገቤ ከዓረብ አገር የተመለሰች ልጅ ነበረች። ቀሚሷ ውስጥ አንዲት ስስ መጽሐፍ ደብቃ አስገብታለች፤ ከባሕር ማዶ መጥቶ በአፍሪካ ምድር የሰፈረ የአንድ ነጭ የሕይወት ታሪክ፣ በቀላል አማርኛ የተጻፈ። ብርሃኑ ሲደርሳት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታነብልናለች።

«የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ብዙ መከራ ገጠማቸው» ስትል የእኛ ሰዎች መሰሉኝ። በድርቁ ጊዜ ከእኛ ቀበሌ ተጭነው ወደ ምዕራብ የሄዱት ሰፋሪ ነበር የሚባሉት። እህቴ እዚያው በወባ ቀርታለች።

«ምስኪኖች፣ አላህ ይዘንላቸው» አልሁ።

ልጅቱ አፏን ይዛ ሳቀች። «ኧረ እማማ፣ የእናንተ ዓይነት ሰፋሪ አይደለም! ይሄኛው ባለጠብመንጃ ነው።»

«ታዲያ ምነው ቀማኛ አይሉትም?»

«እኔ የተጻፈውን ነው የማነብ።»

ቀጠለች። ሰውዬው የአገሩን ሽማግሌዎች ሰብስቦ፣ ለከብቶቼ ማሰማሪያ ብቻ ነው ብሎ ወረቀት ላይ አውራ ጣታቸውን አሳተማቸው። ወረቀቱ ግን መሬቱን ለዘላለም ሰጥተናል ይላል።

«ያነበበላቸው የለም?»

«ማን ያነብላቸዋል?»

በማግስቱ የእኔ ስም ተጠራ። ልጅቱ እጄን ይዛ «አብሽሩ እማማ» አለችኝ፤ እጇ ግን በረዶ ነበር።

መርማሪው ወጣት ነው፤ ክፉም አይመስል። ወረቀትና የጣት ቀለም አስጠጋልኝ።

«ጣትዎን እዚህ ያሳርፉና ዛሬውኑ ቤትዎ ይግቡ።»

«ምን ይላል?»

«ቤትዎ ይገባሉ ነው የሚል።»

«እስቲ ልየው።»

«ማንበብ ይችላሉ እንዴ?»

ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ቶሎ አይመጣልኝም። በጣቴ እየተከተልሁ አንድ በአንድ ለቀምሁት። ጎረቤቴ ታጣቂ ሲያሳድር በዓይኔ አይቻለሁ ይላል። ጎረቤቴ የአራት ልጆች አባት ነው።

«ይሄ ውሸት ነው» አልሁት።

«ካልፈረሙ እዚሁ ይቆያሉ።»

እስክሪብቶውን ከፊቱ አንስቼ ያችን መስመር ሰረዝኋት። ከሥሯ «አላየሁም» ብዬ ጻፍሁ፤ ስሜንም ጨመርሁ። አንድ ፊደል ገድፌያለሁ። መርማሪው ወረቀቱን አይቶ፣ «ወደ መጋዘኑ መልሱልኝ» አለ ለጠባቂዎቹ።

ሦስት ሳምንት ጨመሩልኝ። ከዚያ ያለ ምንም ማብራሪያ ሂጂ ተባልሁ።

አሁን ቤቴ ነኝ። መኪና ደጅ ላይ ሲቆም ዛሬም ከተቀመጥሁበት እነሣለሁ። ጎረቤቴ ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ ሰላም ይለኛል። ስለዚያ ወረቀት አልነገርሁትም። ብነግረው ያመሰግነኛል፤ ያላዩትን አላየሁም ማለት ደግሞ ምስጋና አያሻውም።