የወለቃዋ ጭቃ አስተማሪ

እስቲ ይህችን የሸክላ አህያ ልብ ብላችሁ ተመልከቷት። ስንዝር አትሞላም። ጀርባዋ ላይ የጭነት ምልክት አለ፤ የፊት ግራ እግሯ ተሰብሮ በሙጫ ተያይዟል። ጆሮዎቿ ግን ከልክ በላይ ወፍረው የጥጃ ምላስ ያህላሉ። ተማርኩ ባይ ሲያያት ይስቃል። ይሳቅ! የሠራቻት የአሥር ዓመት ልጅ ጆሮውን ለምን እንዳወፈረችው ተጠይቃ የመለሰችውን ቢሰማ ሳቁን ይውጠው ነበር።

የጠየቀቻት ጥሩ የምትባል ሴት ናት። የወለቃ ሸክላ ሠሪ ነች፤ ወለቃ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚያወጣው መንገድ ዳር ያለች የቤተ እስራኤል መንደር ናት። ባሏ ባሩክ ብረት ይቀጠቅጣል፤ እሷ ማሰሮና ጋን ትሠራለች። የከተማው ሰው በማሰሮዋ ወጥ ይሠራል፣ በጋኗ ጠላ ይጠምቃል፣ ገበሬው ባሏ በቀጠቀጠው ማረሻ ያርሳል። እሷ በገበያ ስታልፍ ግን እናት ሁሉ ልጇን በነጠላ ትሸፍናለች፣ የጥሩ ዓይን እንዳያርፍበት። ቡዳ ናት ይሏታላ! ወጡ ሲበላ ቡዳነቷ ትዝ የሚለው የለም።

በሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት መስከረም ላይ፣ ከጎንደር አራዳ አለፍ ብሎ ካለው ትምህርት ቤት አለነ የሚባል ወጣት የእጅ ሥራ አስተማሪ ደጇ መጣ።

«እትዬ ጥሩ፣ ተማሪዎቼን ጭቃ ያስተምሩልኝ።»

«ጭቃ? ጭቃ ለማወቅም ትምህርት ቤት ይገባል እንዴ?»

«ከጭቃ ቅርጽ ማውጣትን ነው። መጽሐፉን አንብቤዋለሁ፤ እጄ ግን አያውቀውም።»

«እስቲ እጅህን አሳየኝ ልጄ።» ሳትነካው ጎንበስ ብላ አየችው። «ከጠመኔ በቀር ምንም አያውቅ። እሺ፣ ሰኞና ረቡዕ እመጣለሁ። ዓርብ እንዳትጠራኝ፣ ሰንበት ይደርስብኛል።»

መምጣቱ ቀላል አልነበረም። በቤተ እስራኤል ሕግ ከሌላ እምነት ሰው ጋር ተነካክቶ የዋለ ሰው ታጥቦ ነው መንደር የሚገባው። የከተማው ሰው ዓይንሽን አንሺ ይላታል፣ የራሷ ወገን ደግሞ ሳትታጠቢ አትግቢ። ስለዚህ ጥሩ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በዚያ አጥንት ሰርስሮ በሚገባ ብርድ ወንዝ ትወርዳለች። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለሃያ ሦስት የሰው ልጆች ስትል።

መጀመሪያ ገል አስፈጨቻቸው። ገል ያው የተሰበረ ሸክላ ነው፤ ዱቄቱ ከአዲሱ አፈር ጋር ካልተቦካ ሥራው እሳት ላይ ይሰነጠቃል። ልጆቹ ሁለት ቀን ሙሉ ስባሪ ሲወቅጡ አጉረመረሙ። በሁለተኛው ሳምንት የፈለጋችሁትን ሥሩ ስትላቸው፣ ዋኘው የሚባለው የክፍሉ ቀልደኛ ዘውድ የደፋ አንበሳ ሠርቶ ደረቱን ነፍቶ ቆመ።

«አንበሳ አይተህ ታውቃለህ?» አለችው።

«ሳንቲም ላይ።»

«ሳንቲሙ ያገሣል?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። «እናንተ ቤት የሚያገሣ ማን አለ?» አለችው ጥሩ።

«አክስቴ አለችላችሁ!»

«እንግዲያው እሷን ሥራት።»

ሠራት። ወገቧን ይዛ፣ አንገቷን ሰግጋ፣ አፏን ከፍታ። የአክስትየዋን ቁጣ የሚያውቅ ጎረቤት ቢያያት ዘወር ይል ነበር።

የጥሩ ዋና ትምህርት የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ልጆቹ ሠርተው ሲጨርሱ እጃቸውን ይታጠባሉ፤ እያንዳንዱ ሥራውን ፊቱ አስቀምጦ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ያየዋል። ዝምታው ሲበቃ ትጠይቃለች፦ እጅህ የቱ ጋ እውነት ተናገረ? የቱ ጋ ለማስመሰል ሮጠ? ሸጋ ነው፣ ክፉ ነው አትልም። ልጁ ራሱ አይቶ ራሱ ይፍረድ። በየክፍሉ ሕፃናት አስተማሪው ያለውን እንደ ገደል ማሚቶ ሲመልሱ በሚውሉበት አገር፣ ፊደል ያልቆጠረች ሴት «አንተስ ምን ታያለህ?» ብላ ትጠይቅ ነበር። የሚያፍር ካለ ይፈር!

አህያዋን የሠራችው አምሳል ናት፤ ድምፅዋ እንኳ በቅጡ የማይሰማ ልጅ።

«ጆሮዋ ምነው እንዲህ ወፈረ?» አለቻት ጥሩ።

አምሳል የአህያዋን ጆሮ ዳሰሰች። «እቤት እኔ ሳወራ የምትሰማኝ አህያችን ብቻ ናት።»

«እንግዲያው ጆሮዋን አትንኪው፣ እንዳለ ይሁን» አለች ጥሩ። «ሆዷን ግን ፈልፍዪላት። ሆዷ ድፍን ከሆነ እሳት ላይ ትፈነዳለች።»

የሁሉም ሥራ በጥላ ደርቆ በኩበት ተቃጠለ። አምሳል አህያዋን በመቀነቷ ጠቅልላ ይዛ ገባችና ከራስጌዋ አስቀመጠቻት።

ጥቅምት ሲጋመስ እናቷ እንኳየሁ ልጇን ይዛ ለዘመድ ተዝካር ደምቢያ፣ ኮላ ድባ ወረደች። ያን ዓመት ደምቢያን ወባ ይፈጀው ነበር። ከተመለሱ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አምሳል ጥርሷ እስኪንገጫገጭ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ እንደ ምጣድ ጋለች። ወባ ነው ያለ ሰው ግን አልነበረም። ጎረቤት ተሰብስቦ የሚከረፋ ቅጠል አጨሰባት። በእኛ አገር ልማድ በሽተኛ በዚያ ጭስ መሐል የጠራው ስም የቡዳው ስም ነው። ልጅቱ በትኩሳት እየቃዠች የምትወዳትን ሰው ጠራች።

«እትዬ ጥሩ… እትዬ ጥሩ…»

በቃ፣ ለፈለፈች ተባለ! እንኳየሁ የሸክላዋን አህያ ከራስጌ አንስታ ከግድግዳ ጋር አላተመቻት። እግሯ ያኔ ነው የተሰበረው፤ በኋላ አለነ ለቅሞ አያያዛት። ከዚያ እንኳየሁ እየጮኸች ትምህርት ቤት ሄደች፦ «ያቺ የወለቃዋ ሴት ልጄን በላቻት! መጥታ እንትፍ ትበልባት!» የበላ ሰው ምራቁን እንትፍ ካለ ይለቃል ነው እምነቱ። ዳይሬክተሩ ትምህርት ቤቱ እንዳይበጠበጥበት ፈርቶ አለነን ወደ ወለቃ ላከው።

አለነ ላቡን እየጠረገ ሲናገር ባሩክ መዶሻውን አስቀመጠ።

«እንትፍ ካልሽ፣ አዎን ቡዳ ነኝ ማለትሽ ነው» አላት። «ከዚያ ወዲያ ማን ክፍል ያስገባሻል? የኛም ልጆች ገበያ ሲወጡ በድንጋይ ነው የሚባረሩት።»

«ካላልኩስ?»

«ካላልሽና ልጅቱ ከሞተች…» አልጨረሰውም።

ጥሩ ወደ አለነ ዞረች። «ሐኪም ቤት ለምን አትወስዷትም?»

«እናቲቱ ከደጃፉ አልነሳ አለች። ቡዳ የያዘው ሰው መርፌ ከተወጋ ይሞታል ብለው አስፈራርተዋታል።»

ጥሩ እጇ ላይ የደረቀውን ጭቃ ፍቃ ፍቃ ጣለች። ነጠላዋን አነሣች። ባሩክ አልከለከላትም፤ ኮረብታው እስኪጋርዳት ቆሞ አያት።

እንኳየሁ ደጃፉ ላይ ኩርምት ብላለች፣ ጎረቤቱ ግቢውን ሞልቶታል። ጥሩ ስትገባ ሁሉም ወደ ኋላ ሸሸ።

«ልጄን መልሺልኝ!» አለች እንኳየሁ። ድምፅዋ ከስድብ ይልቅ ልመና ይመስል ነበር።

«እንትፍ እላለሁ። አንድ ነገር ግን ትምይልኛለሽ። እንትፍ እንዳልኩ አቶ አለነ ልጅቱን ታቅፎ ሐኪም ቤት ይወስዳታል፤ አንቺም መንገድ ትለቂያለሽ።»

«መርፌ ከወጓትማ ትሞትብኛለች!»

«እኔ ከለቀቅኋት ማን ይገድላታል?»

መርፌ የሚገድለው ቡዳ ያልለቀቀውን ነው፤ ሕዝቡ በራሱ እምነት ተጠለፈ።

«ማይልኝ።»

«በማርያም! በማርያም!»

ጥሩ ከአምሳል መኝታ አጠገብ ተንበረከከች። አፏ ደርቆ ምራቅ እምቢ አላት፤ ውኃ ተጎንጭታ ነው እንትፍ ያለችው። አምሳል ዓይኗን ገለጥ አደረገች።

«እትዬ… ረቡዕ ነው?»

ቀኑ ሐሙስ ነበር። «አዎ ረቡዕ ነው፣ የኔ እናት» አለቻት ጥሩ፣ የልጅቱን ግንባር በመዳፏ እየጠረገች።

ሐኪሙ ወባ ነው አለ፤ ኪኒን ሰጣት። በስምንተኛው ቀን አምሳል በእግሯ ሄደች። አራዳ ላይ ግን ስለ ኪኒን ያወራ አልነበረም። «ለቀቀቻት! በአደባባይ አምናለች!» ነው ወሬው። የወላጆች አቤቱታ ጎረፈ፤ ዳይሬክተሩም ሁለት መስመር ጽፎ ጥሩን «ለጊዜው» አሰናበታት። ነፍስ ላዳነች ሴት ይኸው ነው ምስጋናው!

በተከታዩ እሑድ እንኳየሁ ልጇን አስከትላ፣ ቀይ ዶሮ ታቅፋ ወለቃ መጣች። ከአጥሩ ውጭ ቆመች።

«ስለለቀቅሽልኝ ነው» አለች።

«አልያዝኳትም፣ እሜቴ።»

«እማ፣ ወባ ነው ያሉት እኮ ሐኪሙ» አለች አምሳል።

«ዝም በይ አንቺ!»

«ሦስት ጊዜ ነው ያሉት። ቆጥሬያለሁ።»

ጥሩ ከብዙ ቀን በኋላ ሳቀች። የቦካ ጭቃ ቆርሳ ለልጅቱ ሰጠቻት። አምሳል መሬት ላይ ቁጭ ብላ ስትሠራ እንኳየሁ መጀመሪያ እንሂድ አለች፤ ቀጥሎ አጥሩን ተደግፋ ታያት ጀመር። ልጅቱ ጨርሳ፣ እጇን ታጥባ፣ ሥራዋን ፊቷ አስቀምጣ እንደተማረችው ስታየው፣ እናት አንድ እርምጃ ገባች።

«ማናት እሷ?»

«አንቺ ነሽ።»

«ምነው ደጃፍ ላይ አስቀመጥሽኝ?»

«ታምሜ ሳለሁ ከደጃፉ አልተነሳሽማ። ፈርተሽልኝ ነው።»

ዶሮዋ ከእንኳየሁ ብብት አምልጣ ግቢውን ዞረች። የተከተላት የለም። እንኳየሁ ይቅርታ አላለችም፤ ከጥሩ አጠገብ ያለ ድንጋይ ላይ ግን ተቀመጠች፣ ልጇ ሁለተኛ ሥራ ጀምራ እስክትጨርስም አልተነሳችም። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ እየመጡ ነው። ሌሎቹ ሃያ ሁለት ልጆች ግን ሰኞና ረቡዕ ከሰሌዳ ላይ ይገለብጣሉ፤ «ለጊዜው» የተባለው ዓመት አልፎታል።

እንግዲህ እናንተ ይህን የምታነቡ ወላጆች፣ ልጃችሁን ሲያተኩሰው ከአፉ የሰው ስም አትጠብቁ፤ ታቅፋችሁ ሐኪም ቤት ሩጡ። ደግሞም እባካችሁ፣ ነገ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ሂዱና ጥሩን ወደ ክፍሏ መልሱልን በሏቸው።