ኮፈኑን ሳልከፍት የመረጥኩት መጽሐፍ

ሸዋ ሮቢት ጋራዥ የገባሁ ዕለት አለቃዬ ጋሼ በቀለ የጠየቁኝ ስለ መፍቻ አልነበረም። «እንግሊዝኛ ታነባለህ?» አሉኝ። አዎ ስላቸው በዘይት የጠቆረ የጥገና መጽሐፍ አስታቀፉኝ።

ከረዳትነት ዋና መካኒክ እስክሆን የጋራዡ አንባቢ እኔው ነበርኩ። ሌሎቹ በጆሮና በእጃቸው ይሠራሉ፤ የብሎን ማጥበቂያ ልክ ሲያከራክራቸው ይጠሩኛል። ኩራቱ ቀስ ብሎ ገባብኝ።

ሐጅ እንድሪስ ቀወት ውስጥ ቲማቲም ያመርታሉ። ለአሮጌ ፒክአፓቸው እኛ ጋ ወረፋ መጠበቅ ሰለቻቸውና ራሳቸው ሊጠግኑ አሰቡ። «መጽሐፍ ምረጥልኝ። ዘሀራ ታነብልኛለች» አሉኝ። ዘሀራ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ልጃቸው ናት።

ጋሼ በቀለ ሰምተው «ደንበኛ ልታሳጣን ነው?» ብለው ተቆጡ። እኔም በእልህ አዲስ አበባ ዕቃ ልገዛ በሄድኩበት መጽሐፉን ለሐጅ አመጣሁላቸው። የመኪናው ስምም፣ የተሠራበት ዓመትም ገጥሟል። ያ መኪና በሁለት ዓይነት ሞተር እንደሚመጣ አውቅ ነበር። ኮፈኑን ከፍቼ የሞተሩን ቁጥር ግን አላየሁም።

ሐጅ ዘይቱንም፣ ማጣሪያውንም፣ የፍሬን ሸራውንም በራሳቸው ቀየሩ። አንድ ቀን ገበያ አግኝተውኝ «የሞተሩ ቺንጋስ መቼ ይቀየራል?» አሉ።

«መጽሐፉ ምን ይላል?»

«ዘሀራ ስታነበው፣ ሞተሩ ሰንሰለት ነው ያለው፤ አይቀየርም ይላል።»

«እንግዲያው ይተዉት» አልኳቸው።

ሞተሩ ግን በሰንሰለት ፋንታ ቺንጋ፣ የጎማ ቀበቶ ነበረው። ከዘሀራ ጋር ቲማቲም ጭነው ሲሄዱ ጀውሃ ሳይደርሱ ተበጠሰ፤ ፒስተኖቹ ቫልቮቹን አጣመሟቸው። ተጠርቼ ስደርስ በዚያ ሐሩር የቲማቲሙ ውሃ ከየሣጥኑ ይንጠባጠባል። ኮፈኑን ከፍቼ ቁጥሩን ያኔ አነበብኩት።

«ሐጅ፣ መጽሐፉ የሌላ ሞተር ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ያ አላህ! እኔ እኮ አሳስታ አነበበችልኝ ብዬ ልጄን ስሰድባት ነው የዋልኩት» አሉ።

ዘሀራ ግራር ሥር መጽሐፉን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ዓይኗ አብጧል። ይቅርታ ብላት ቀና አላለችም።

ሐጅ መኪናውን እንደቆመ ሸጡት። ጋሼ በቀለ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ያንን መጽሐፍ እያነሱ መሳቂያ አደረጉኝ። ዘሀራ ዛሬም መንገድ ላይ ሰላምታዬን ትመልሳለች እንጂ አትቆምም።

የጥገና መጽሐፍ የሚመረጠው በሞተሩ ቁጥር ነው፤ በመኪናው ስም አይደለም። ቁጥሩን ያላየ ሰው፣ ሲጠየቅ አላውቅም ይበል።