በጣና ዳር የለቀምኋቸው ሚስማሮች

ትናንት የመጨረሻ ልጄ ናሆም፣ ወርቅ ፍለጋ ሄዶ ሳይቀናው ከተመለሰ ጓደኛው የብረት መፈለጊያ ተውሶ መጣና ዕቃውን አንድ በአንድ አልጋዬ ላይ ዘረገፈው፤ ጫፉ ላይ ክብ ሳህን የመሰለ ነገር ያለበት ረጅም ዘንግ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ጓንት፣ ወገብ ላይ የሚታሰር ከረጢትና ጥርስ ያላት ትንሽ አካፋ። አካፋዋን አንሥቼ ሳሸት የዛገ ብረትና የእርጥብ አሸዋ ሽታ አፍንጫዬን መታው፤ ሳላስበው ተነሥቼ መስኮቱን ከፈትሁ፣ መልሼ ዘጋሁ፣ ተቀመጥሁ፣ ደግሜ ተነሣሁ። ናሆም ወገቤን ያመመኝ መስሎት ትራስ አመጣልኝ። እኔ ግን የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ ጣና ዳር፣ ጥቁር ድንጋዮቹ መካከል አጎንብሼ ነበር።

እኔም በደርግ ዘመን የራሴ መሣሪያ ነበረኝ። ማግኔቱን ታላቅ ወንድሜ አበጀ ከተቃጠለ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ላይ ፈልቅቆ በሲባጎ አሠረና ከሸምበቆ ዘንግ ጫፍ አንጠለጠለልኝ። ለመቆፈሪያ እጀታው የተሰበረ ጭልፋ፣ ለማንጠርጠሪያ ከእናታችን ጓዳ የሰረቅሁት ወንፊት፣ ላገኘሁት ሁሉ ማስቀመጫ ደግሞ ክዳኑ የጠፋ የወተት ቆርቆሮ ነበረኝ። አበጀ ቴክኒክ ትምህርት ቤት የሚማር፣ የሰፈሩን ሬዲዮ ሁሉ በነጻ የሚጠግን ልጅ ነበር፤ ጠግኖ ሲገጥም ሁለት ሦስት ብሎን ይተርፈዋል፣ ሬዲዮው ግን ያለ ብሎኑም ይናገራል።

በዚያ ሰሞን ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና የሚሄዱትን ስም ሲለጥፍ የአበጀም ስም ወጣ። ቅዳሜ ጧት መኪና ይመጣል ተባለ። እናታችን ዘጌ ከነበረችው እናቷ የወረሰችውን የብር መስቀል ከአንገቷ አውልቃ በአዲስ ጥቁር ማተብ አሠረችለትና እስኪሄድ ድረስ ከአልጋዋ ራስጌ ሰቀለችው። ያ መስቀል ከአንገቱ እስካልወረደ ድረስ ልጇ እንደሚመለስላት ታምን ነበር፤ ላገኘችው ሰው ሁሉ ይህንኑ ትናገራለች።

እኔ ደግሞ እግሬ አንድ ቦታ የማይረጋ ልጅ ነበርሁ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ እኔ አንገት ላይ ምን እንደሚመስል ልየው ብዬ አጠለቅሁትና ሳላወልቀው ከልብስ አጣቢዎቹ ጋር ወደ ሐይቁ ወረድሁ። ዋኘሁ፣ ዘለልሁ፣ ከልጆቹ ጋር ከድንጋይ ድንጋይ ተሯሯጥሁ። ስወጣ ማተቡ አንገቴ ላይ ነበር፤ መስቀሉ የለም። ማንጠልጠያ ቀለበቱ ሳስቶ ኖሮ ተበጥሷል።

ለአበጀ እያለቀስሁ ነገርሁት። አልተቆጣኝም። ባዶውን ማተብ ከእጄ ተቀብሎ አጠለቀና «ለእማዬ ትንፍሽ እንዳትዪ! ራሴ አጥልቄዋለሁ እላታለሁ። አንቺ ትፈልጊዋለሽ፤ መፈለጊያውን እኔ እሠራልሻለሁ» አለኝ። ያን ዕለት የሸሚዙን ቁልፍ እስከ ጉሮሮው ቆልፎ እራቱን በላ።

ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ ከሐይቁ ዳር አልጠፋሁም። ማግኔቱን በውኃው ጠርዝ ስጎትተው ጥቁሩ አሸዋ እየተጣበቀበት ጢም ያበቅላል፤ እላጨዋለሁ፣ መልሶ ያበቅላል። ውኃው ዳር የበቀለው ደንገል ሥር ገባሁ፣ ታንኳ የሚጎተትበትን ጭቃ ዳበስሁ፤ ጉማሬ ይበላሻል ሲሉኝ መስቀሉን ጉማሬው ውጦት እንዳይሆን ሰጋሁ። ማግኔቱ ቀጭ ባለ ቁጥር መስቀሉ ነው ብዬ ፈጥኜ እጎትተዋለሁ፤ የሚወጣው ግን ሚስማር፣ ምላጭ፣ የዓሣ መንጠቆ፣ እንደገና ሚስማር ነው። አንዱን ቦታ ሳልጨርስ ወዲያኛው የተሻለ ይመስለኛል፤ ወዲያኛው ስደርስ የተውሁት ይጠራኛል። ልብስ የሚያጥቡት እማማ ጥሩነሽ «ልጄ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው፤ ቀስ በይ እንጂ! ደግሞ መርፌዬም እዚያው ወድቃለችና ካገኘሻት አምጭልኝ» አሉኝ። መርፌያቸውን አገኘሁላቸው። መስቀሉን አላገኘሁም።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ደግሞ ወረድሁ። የመኪናው ጥሩንባ ሲሰማ ቆርቆሮዬን እያንቋቋሁ ሮጬ ደረስሁ። አበጀ ከእናታችን እቅፍ ወጥቶ ወደ መኪናው ኋላ ወሰደኝና ቆርቆሮውን አየው፤ አንድ ሚስማር መርጦ በድንጋይ ቀጥቅጦ ቆለመመው፣ ባዶው ማተብ ላይ አሠረው፣ ሸሚዙ ውስጥ ከተተው። «ይኸው፣ አገኘሽልኝ አይደል? በቃ፣ አታልቅሽ» አለኝ። እናታችን ከኮሌታው በላይ የማተቡን ክር ስታይ ፊቷ ፈካ፤ አማተበች። መኪናው ሄደ።

ሰባተኛ ክፍል ስደርስ የሳይንስ መምህራችን ማግኔት ይዘው ገቡ። እጄን አውጥቼ «ብርስ ይስባል?» አልኋቸው። «ብርንም ወርቅንም አይስብም» አሉ። መቀመጥ አቃተኝ፤ ሳላስፈቅድ ወጥቼ እስከ ሐይቁ ሮጥሁ። አበጀ ያውቅ ነበር። መስቀሉን እንደማላገኘው እያወቀ፣ ጥፋቴ እንዳይበላኝ እጄን ሥራ አስያዘልኝ። እኔ ግን ከእሱ ጋር ልሆን የምችልባቸውን የመጨረሻዎቹን ሦስት ቀኖች መሬት መሬት ሳይ አሳለፍኋቸው፤ ዛሬም ይህ ይቆጨኛል።

አበጀ አልተመለሰም። መጀመሪያ ይልክልን የነበረው ደብዳቤም ቆመ፤ የት እንደወደቀ የነገረን የለም። እናታችን «መስቀሉ አንገቱ ላይ ነው፣ ይመጣል» እያለች በር በሩን ስታይ ኖራ ሞተች። አልነገርኋትም።

ዛሬ ጧት ከናሆም ጋር ወደ ሐይቁ ወረድሁ። ልብስ ይታጠብበት የነበረው ቦታ ሲሚንቶ ተነጥፎበት ወንበር ተደርድሯል፤ የቀረው አንድ ጠባብ የአሸዋ ጥግ ነው። ናሆም የሚያውቀው መስቀል እንደጠፋብኝ ብቻ ነው። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጎ «ብር ሲሆን ቀጭን ድምፅ ትሰሚያለሽ። የብረቱን ድምፅ ዘግቼዋለሁ፤ እዚህ ያለው ሚስማር ሲጮኽ ይውላል» አለኝ። ሳህኑን አሸዋው ላይ አንሸራተትሁት፤ ዝም አለ። ስንት ሚስማር ላይ ዝም ብሎ እያለፈ ይሆን አልሁ። ከዚያ አበጀን አሰብሁት፤ የማላውቀው አገር አፈር ውስጥ፣ አንገቱ ላይ ያ ቆልማማ ሚስማር እንዳለ፤ ይህ መሣሪያ በላዩ ቢያልፍ ምንም ሳይሰማ ትቶት ይሄዳል።

«የዘጋኸውን ክፈተው» አልሁት።

«እማ፣ የሚጮኸው እኮ ሚስማር ብቻ ነው።»

«ይጩኽ።»

ከፈተው። ጮኸ። ተንበርክኬ በእጄ መቆፈር ጀመርሁ።