የባዶው አልጋ መብራት

ባሌን ሰፈሩ «ጋሼ ቀለም» ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ ካናቴራና ባነር ሲያትም ስለኖረ፣ ጥፍሩ ሥር ያለው ቀለም ለሠርጋችን ቀን እንኳ አልለቀቀም። ትላልቆቹ ማተሚያ ማሽኖች መጥተው ሥራውን ውሃ ሲበላው ግን እንደ ልጅ አኮረፈ። ጠዋት ሱቁን ይከፍታል፣ ያልተሠራበትን የማተሚያ ስክሪን ያጥባል፣ ማታ ይዘጋል።

አንድ ቀን አንዲት የሕክምና ዕቃ ነጋዴ መጣች። «ጋሼ፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ቀለም አለ» አለችው። «እንደ ካናቴራው ነው የሚታተመው፤ ስስ ፕላስቲክ ላይ መስመር ያወጡበታል። ፍራሽ ሥር ሲነጠፍ፣ ሰው ከተኛበት መብራት ይበራል፤ ከተነሳ ይጠፋል። አስታማሚው ሌላ ክፍል ሆኖ ያውቃል። ሆስፒታሉ፣ የአረጋውያን ማቆያው፣ ሁሉም ይፈልገዋል፤ እዚህ ገና ማንም አልጀመረውም። ሰው ላይ ተሞክሮ የሠራ ናሙና ያሳዩኝ እንጂ ትዕዛዙ የእርስዎ ነው።»

«ደግሞ ቀለም መብራት ሊያበራ!» ብዬ ሳቅሁበት። እሱ ግን አተመው። ከእናቱ ፍራሽ ሥር አነጠፈና ትንሿን አረንጓዴ መብራት በሽቦ አገናኝቶ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቀላት። አማቴ ከታመሙ ወዲህ ሳንሰማ እየተነሱ ይወድቁ ነበር። መብራቷ በጠፋች ቁጥር ሮጦ ይደርስላቸው ጀመር። አንሶላ ሲቀይርላቸው «እማዬ፣ እስቲ ቀና በይልኝ» ይላቸዋል። እሳቸውም «መቼ አሳርፈኸኝ ታውቃለህ!» እያሉ ቀና ይላሉ፤ መብራቷም እልም ትላለች።

አማቴ አረፉ። ከቀብር ስንመለስ መብራቷ በርታለች።

«ርጥበት ገብቶት መስመሮቹ ተጣብቀው ይሆናል» አለ ባሌ፣ ወደ እኔ ሳያይ። እንግዲያው አውጥተህ አድርቀው አልኩት። አላወጣም። እኔ በመንፈስ ወሬ አላምንም፤ ሆኖም በዚያ ክፍል በር ሳልፍ ድምፄን ዝቅ ማድረግ ጀመርኩ። ትራሱን መሐል ላይ አስተካክዬ እወጣለሁ፤ በማግስቱ ግድግዳው ጥግ ተጠግቶ አገኘዋለሁ። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው ነበር የሚተኙት። ነክተኸዋል ወይ ብዬ ባሌን አልጠየቅኩትም። አልነካሁም ቢለኝስ?

ነጋዴዋ ናሙናውን ልትወስድ መጣች። ሳሎን የበራችውን መብራት፣ ቀጥሎ ባዶውን አልጋ አይታ ፊቷ ተለወጠ። «ጋሼ፣ ይሄማ ሰው በሌለበትም ይበራል። ለማን ነው የምሸጠው?»

ደሜ ፈላ። ሱቁ ሊዘጋ ነው፣ ሰውዬው ተገትሮ ቀርቷል! «ፍራሹን አንሳና አራግፈው እንጂ!» ብዬ ጮህኩበት።

«እንዴት አድርጌ ከሥሯ ልጎትት?» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ከዚያ አልጋው አጠገብ ተንበርክኮ፣ እንደ ድሮው ቀስ ብሎ፣ «እማዬ፣ እስቲ ቀና በይልኝ» አለ።

በተከፈተው በር መብራቷን አየኋት። እልም አለች። ፍራሹን ገና ማንም አልነካውም ነበር። ክው ብዬ ቀረሁ።

«ሽቦው ላልቶ ነው የነበረው» አለች ነጋዴዋ፤ ከአልጋው ግን አንድ እርምጃ ራቀች። ፕላስቲኩን አውጥተን በእጃችን ጫን ስናደርገው በራ፣ ስንለቀው ጠፋ። ደጋግማ ሞክራው፣ «በሉ ሥራ ይጀምሩ» ብላ ይዛው ሄደች።

ሱቁ ተረፈ። ደስ ይበልህ ልለው ወደ ክፍሉ ስገባ፣ ባሌ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የፍራሹን ጎድጓዳ በመዳፉ ይዳብሳል።

«እማዬ» ይላል፣ «ምነው ቶሎ ታዘዝሽኝ?»