ፋሲካ ያልመለሰው ወገብ

ልብስ ሰፊው ኦቦ ነጋሳ ባለፈው እሑድ ጠዋት፣ አምቦ በሚገኘው ቤታቸው፣ ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች እጃቸውን እንደያዙ አረፉ። የሞቱት በቆሽት ካንሰር ነው። «ባደረባቸው ሕመም» ብዬ ማለፍ እችል ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚጽፈው እንደዚያ ነው። እሳቸው ግን ከልክለውኛል። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በስሜ ተጠርቻለሁ። የገደለኝም በስሙ ይጠራ» ብለው ቃል አስገብተውኛል።

ሱቃቸውን የማያውቅ አምቦ የለም፤ ጉደርና ጌዶ ድረስ ሱሪያቸውን ያልለበሰ ጥቂት ነው። እኔ ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ ቁልፍ ልተክል ገባሁ፤ ሃያ ዓመት አብሬያቸው ቆየሁ። ማንበብ የለመድኩት ከልኬት ደብተራቸው ነው። የደንበኛው ስም፣ ከጎኑ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ። አንድም ገጽ አይጣልም። ሰው ሊለካ ቆሞ ሆዱን ወደ ውስጥ ሲስብ ካዩ፣ «ተንፍስ አንተ! ሆድ ተደብቆ ሱሪ አይሰፋም!» ይሉ ነበር። ሱቁን የሞላው ሰው ሲስቅ ዛሬም ይሰማኛል።

ታዲያ የከተማውን ወገብ ሁሉ የሚያውቁት ሰው የራሳቸው አመለጣቸው።

ነገሩ የጀመረው በሁዳዴ ነው። ከሱ። በጾም የማይከሳ ማን አለ? ደንበኞቹ እንዲያውም ያሞግሷቸው ነበር። «ኦቦ ነጋሳ፣ ጾሙ ሰመረልዎት! ጎረምሳ ሆኑኮ!» ሲሏቸው፣ «እናንተ ሆዳሞች ቅኑ» ብለው ይስቃሉ። ሆዳቸውን ሲይዛቸው እንደማናችንም አምቦ ውሃ ጠጥተው አገሱ፤ ቀለል አላቸው። ጀርባቸውን ሲወጋቸው የስፌት መኪናው ላይ ማጎንበሱ ነው አሉ። ፋሲካ መጣ። ሁላችንም ወፈርን፣ እሳቸው አልወፈሩም። ሱሪያቸውን ሦስት ጊዜ በገዛ እጃቸው አጠበቡ፤ ሦስቱንም ጊዜ ክሩን ነክሼ የበጠስኩት እኔ ነበርኩ። አንዳችንም ደብተሩን አልገለጥንም።

አንድ ቀን እትዬ ዘነበች ምሳ ይዘው መጡና በራፉ ላይ ቀጥ አሉ። «ነጋሳ፣ ዓይንህ ምነው ቢጫ ሆነ?»

አዲስ አበባ ሄዱ። ልጆቻቸው በአገሩ ወግ ሊደብቋቸው ሞከሩ፤ ሰፊ አይታለልም። ሐኪሙን፣ «ዶክተር፣ እብጠቱ ስንት ሳንቲ ሜትር ነው?» ብለው ጠየቁት። ነገራቸው። ጉበት ጋ ደርሷል፤ ቢላዋ አይደርስበትም።

ሲመለሱ ቤት አልገቡም፤ በቀጥታ ሱቅ። ደብተሩን ገልጠው የራሳቸውን ስም ፈለጉ፤ አልነበረም። ከዚያ፣ «ቆሽቴ አረረ ስንል ኖረን፣ ቆሽት የት እንዳለች እንኳ አናውቅም» አሉ። እጃቸውን ከደረታቸው በታች አድርገው፣ «እዚህ፣ ከጨጓራ ኋላ ተደብቃለች። ለዚህ ነው ዘግይታ የምትናገረው። ለእኔ መሽቷል፣ ኢንተላ ኮ። ለሌላው ግን ገና ረፋድ ነው። ሜትሩን አምጪ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በደብተሩ ላይ ስሙ ያለ ሰው ሁሉ በሱቁ ሲያልፍ ይጠራል፣ ይለካል። ያለ ምክንያት የቀነሰ፣ በዚያም ላይ ሆዱን ይዞ ወደ ጀርባው የሚዘልቅ ሕመም ያለው፣ ስኳር ባልጠበቀው ጊዜ የመጣበት፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ወደ ሐኪም! «አሟረቱብኝ» ብሎ የተቆጣ አልጠፋም። «ያሟረተው ሜትሩ ነው፤ ከእሱ ጋር ተሟገት» ይሉታል። ብዙዎቹ ካንሰር አልነበረባቸውም። አንዱ ስኳር፣ አንዷ እንቅርት። አንድ የጌዶ ከብት ነጋዴማ ለሠርጉ ሊያምር ብሎ እራት ትቶ ነበር። ኦቦ ነጋሳ ይህን ሲሰሙ እስኪያስላቸው ሳቁ። «እንኳን ምንም ሳይሆን ቀረ!» አሉ።

መምህር ታደለ የተሰፋላቸውን ሱሪ ሊወስዱ የመጡ ዕለት ግን ሳቅ አልነበረም።

«መምህር፣ መስከረም ላይ ዘጠና አራት ነበሩ። አሁን ሰማንያ ስድስት።»

«ጾም ነዋ፣ ኦቦ!»

«ፋሲካ ካለፈ ሁለት ወር ሆነው። ጾም ያከሳውን ፋሲካ ይመልሰዋል። ፋሲካ ያልመለሰውን ሐኪም ይየው።»

«ልብስ ሰፊ ነዎት ወይስ ዶክተር?»

«ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱሪውም እኔ ጋ ነው፤ ሐኪም ሳያይዎት አልሰጥም!»

ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉት። መምህሩ ተቆጥተው ሄዱ፤ በሳምንቱ ተመልሰው መጡ፤ ቁልፉ አልወጣም። በሦስተኛው ሲመጡ ድምፃቸው ወርዶ ነበር። ስኳር ተገኝቶባቸዋል፣ አምቦ ያያቸው ሐኪም ነገሩ ስላልጣመው ወደ አዲስ አበባ ልኳቸዋል፣ ሲቲ ስካኑ ቆሽታቸው ላይ ትንሽ እብጠት አሳይቷል። ትንሽ! ገና ሳይዛመት። በዚያው ክረምት ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው፣ መድኃኒቱም ተከተለ። ዳነ ብሎ የማለ ሐኪም የለም፤ ክትትሉ አልተቋረጠም። እሳቸው ግን ዛሬ ያስተምራሉ። ኦቦ ነጋሳ ሱሪውን ሲያስረክቡ መርፌ የሚይዝ አቅም አልነበራቸውም፤ ወገቡን እኔ አጥብቤ፣ ትርፍ ጨርቁን እንዳልቆርጥ አዘዙኝ። «ይወፍራሉ፤ ያኔ ትለቂላቸዋለሽ» አሉ።

በቀብሩ ዕለት የዕድሩ ጸሐፊ የሕይወት ታሪካቸውን አነበበ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ፣ «ባደረባቸው ሕመም...» አለ። ነጠላዬን በአፌ ይዤ ነበር። የገባሁላቸውን ቃል አስታወስኩ። ሰው ምን ይለኛል አልኩ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው አልኩ። ደግሞም በዓይነ ሕሊናዬ አየኋቸው፤ የገዛ ሱሪያቸውን እያጠበቡ። ነጠላውን ከአፌ አወጣሁት።

«የቆሽት ካንሰር በል!»

ሽማግሌዎቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዲት ሴት፣ «ዝም በይ፣ አንቺ!» አለችኝ። ከወንዶቹ መሐል ግን መምህር ታደለ ብድግ አሉ፤ «እኔም ያለብኝ እሱ ነው። በስሙ ጥሩት!» ጸሐፊው ወረቀቱን ይዞ ተቸገረ። ሁሉም ወደ እትዬ ዘነበች ዞረ። እንባቸውን ጠረጉና፣ «ድገመው፣ ልጄ» አሉት። ደገመው፤ በስሙ።

ኦቦ ኮ፣ የኔ ኦቦ፣ እንግዲህ ለእርስዎ ልንገርዎት። ትናንት አንዲት ሴት የባሏን ቀበቶ ይዛ መጣች። «ይህቺ ቀዳዳ አዲስ ናት፤ ከፋሲካ ወዲህ የተበሳች» አለችኝ። ያቺው ዝም በይ ያለችኝ ሴት ናት! ባሏን አስጠርቼ ለካሁት፤ ዛሬ ጠዋት ሐኪም ጋ ናቸው። ምንም ካልተገኘበት ደስ ይለኛል፤ ከተገኘበትም ገና ረፋድ ነው። እርስዎ ያልጻፉትን የራስዎን ወገብ ደብተሩ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ሦስቱንም ልክ ከሱሪዎ የስፌት ምልክት ወስጄ፣ ከሥሩም የገዳዩን ስም። አሸነፈ ብዬ አይደለም የጻፍኩት፤ እንድናውቀው ነው። ሜትርዎ አንገቴ ላይ ነው። የመምህሩም ሱሪ ወገቡ ሊለቀቅ መጥቷል፤ ወፍረዋል።

ነጋቲ፣ ኦቦ ኮ። ደህና ይረፉ። ሱቁን ዛሬም በጠዋት ከፍቼዋለሁ።