ውይይታችን በሦስት ገመድ ከአምቦ እንደተመለሰች

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል

ጉዞው የተጀመረው በኅዳር ወር መጀመሪያ፣ ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ኮልፌ ካለው ግቢያችን ነው። እጃጂ አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ ከሩቅ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች የመውለጃ ቀናቸው እስኪደርስ የሚያርፉበት ማቆያ ቤት ተሠርቶ ግድግዳው አልቋል፤ ጣሪያ ግን የለውም። ለጣሪያው ገንዘብ ለማሰባሰብ አምቦ ላይ ባዛር ተዘጋጅቷል። አዘጋጆቹ የገጠር ባለ እጆችን ከየወረዳው ጠርተዋል፤ የድሮ መኪና ያለው ሁሉ ይዞ እንዲመጣም ጋብዘዋል።

የድሮ መኪና ደግሞ አለን። አባቴ አቶ ጌታቸው ሃያ ሁለት ዓመት የሠራባት ሰማያዊና ነጭ ውይይት ታክሲ ናት። ላልደረሱባት ወጣቶች ልንገራቸው፤ ውይይት ከኋላዋ ሸራ የለበሰች፣ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ፊት ለፊት የተገጠሙላት ትንሽ መኪና ናት። ተሳፋሪው ጉልበት ለጉልበት ገጥሞ ስለሚቀመጥ ሳይወያይ አይወርድም። ስሟም ከዚያ የመጣ ነው። እኔ የውይይት ባለቤት ልጅ ሆኜ መወያየት የማልችል ሰው ነኝ። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ስማር እጄን ያወጣሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም መስኮቱ እንዲዘጋ ነበር። አሁን የምሠራው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው።

ውይይቷ አምስት ዓመት ከግቢ አልወጣችም። እናቴ የልብስ ማስጫ ቦታ አጣሁ ብላ፣ አሮጌ ብረት ከሚገዛ ነጋዴ ጋር ለሰኞ ጠዋት ቀጠሮ ይዛለች። አባቴ ለዚህ ጉዞ ብሎ ሁለት ሳምንት ከሥሯ አልወጣም። ልንነሳ ስንል እናቴ መጥረጊያዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች።

«ስማ ጌታቸው፤ ደርሳ በራሷ ጎማ ከተመለሰች ግቢው የእሷ ነው። ተጎትታ ከመጣች ግን ሰኞ ትሄዳለች። ብታለቅስም አልሰማህም።»

«በራሷ ጎማ!» አለ አባቴ፤ ሞተሩን አስነሳና ቁጭ አለ። አልተንቀሳቀሰም።

«ምነው አባባ?»

«ረዳቴ አንቺ አይደለሽ? ሳበው ካላልሽኝ በምን ልሂድ?»

የድሮ ልማዱ ነው። ረዳቱ የመኪናዋን ጎን ሁለቴ መትቶ «ሳበው!» ካላለ ማርሽ አያስገባም። ዙሪያዬን አየሁ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ተኝቷል። ጎኗን በጣቴ ጫፍ ነካ ነካ አድርጌ «ሳበው» አልኩ። ለራሴም በቅጡ አልተሰማኝም። በመጨረሻ በመጥረጊያው እንጨት ሁለቴ መትታ «ሳበው!» ያለችው እናቴ ናት።

ወደ ምዕራብ

ሆለታ ቁርስ በላን። አንድ ሻይ አምስት ብር፣ ትኩስ ዳቦ ሦስት ብር። ከሆለታ በኋላ ባለው ዳገት ላይ ውይይቷ እንደ አሮጊት ታቃስት ጀመር። ፈረስ ጋሪ ከኋላ ደረሰብን። ባለ ጋሪው ጎን ለጎን እየሄደ በመስኮቱ አጎነበሰ።

«ኦቦ፣ ልጎትትዎት?»

«መጀመሪያ ፈረስህን ጠይቀው፤ እኔን ጎትቱኝ የሚል ይመስላል!» አለው አባቴ። ባለ ጋሪው እየሳቀ አለፈን። እኔ ግን «ልጎትትዎት» የምትለውን ቃል ስሰማ የእናቴን የሰኞ ቀጠሮ አስታወስኩ።

አዲስ ዓለምን አልፈን ጊንጪ ስንደርስ መንገዱ ግራና ቀኝ የደረሰ ጤፍ ነበር፤ ነፋስ ሲነካው ከጥቁሩ አፈር ላይ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይተኛና ይነሳል። አባቴ ራዲያተሩ ውሃ እንዲጠጣ ቆመ። እኔ ቶሎ ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን ጠርሙስ አቀበልኩት። ክዳኑን ሲከፍተው ፊሽ አለ።

«ልጄ፣ አምቦ ውሃ ለጨጓራ ነው። እሷ ጨጓራ የለባትም።»

ስድስት ሰዓት ላይ አምቦ ገባን። መኝታ በሁለት መቶ ሃምሳ ብር አገኘን። እኔ ከሰዓት በኋላውን በአንድ ሥራ አሳለፍኩት። ነገ ባዛሩ ላይ መኪናዎቹ ሰው ስለሚጭኑ፣ ረዳት ሆኜ ተሳፋሪ መጥራት እንዳለብኝ አውቄ፣ ላለመጥራት ዘዴ ፈጠርኩ። ቤተ መጻሕፍታችን ባለ አሮጌ ካርታ ላይ አምቦ «ሀገረ ሕይወት» ተብላ ተጽፋ አይቻለሁ። ካርቶን ቆርጬ፣ በማስመሪያ አስምሬ፣ በትልልቅ ፊደል «ሀገረ ሕይወት» ብዬ ጻፍኩ። ለድሮ መኪና የድሮ ታፔላ! በጣም ኮራሁ።

እሑድ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት

የባዛሩ ሜዳ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ሞላ። በአንድ በኩል ባለ እጆቹ ተቀምጠዋል፤ ሸክላ ሠሪዎች፣ ወናፍ የሚነፋ ቀጥቃጭ፣ የፈረስ ኮርቻ የሚሰፋ ሽማግሌ፣ ከሐሮ ወንጪ የመጡ፣ ከእንሰት ቃጫ ገመድ የሚገምዱ ሴቶች። ቅቤ የጠገበ የገብስ ጭኮ በቅጠል ላይ በሠላሳ ብር ይሸጣል። በሌላ በኩል እኛ ባለ መኪናዎቹ ቆመናል። ሁለት ቮልሶች፣ አንድ ላንድሮቨር፣ ከሁሉም በላይ ቤት የሚያክል ኤንትሬ የጭነት መኪና። እያንዳንዱ በሃያ ብር ሰው ጭኖ እስከ ፍልውሃው በር ደርሶ ይመለሳል፤ ብሩ ለጣሪያው ነው።

ለሌሎቹ ሰው ተሰለፈ። ወደ እኛ ማንም አልመጣም። ወጣቶች ታፔላዬን እያነበቡ፣ «የት ነው የምትሄደው?» «ሩቅ መሰለኝ» እየተባባሉ አለፉ። በመጨረሻ ከአዘጋጆቹ አንዱ፣ ጡረታ የወጡት መምህር ኦቦ ለሜሳ መጥተው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ሀገረ ሕይወት ላይ ቆመሽ ወደ ሀገረ ሕይወት ትጭኛለሽ? እኛ እኮ ደርሰናል!»

በዙሪያው የነበረው ሰው ሳቀ። ጆሮዬ ጋለ።

«ይህን ስም ልጆቹ አያውቁትም፤ እኛም ከአሮጌ ሰነድ ላይ ካልሆነ አናየውም። ሰው የሚሳፈረው ሲጠራ ነው። ጥሪ!»

አባቴን አየሁት። መሪውን ይዞ ፊት ለፊት ያያል፤ ሊረዳኝ አላሰበም። ካርቶኑን አወረድኩ። «ፍልውሃ…» አልኩ።

ጭኮ ሻጯ፣ «አንቺ፣ ድመት ነው የምትጠሪው?» አለችኝ።

ንዴት ይሁን እፍረት አላውቅም፣ አንድ ነገር ከሆዴ ተነሥቶ ወጣ። «ፍልውሃ! ፍልውሃ! ኮታ! ኑ! ሁለት ሰው የቀረው!» ገና አንድም ሰው አልተሳፈረም ነበር። ግን መጡ። የባንክ ሠራተኛ ነኝ ያለ ባለ ከረባት ወጣትና አንድ ገበሬ ፊት ለፊት ገጥመው ተቀመጡ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ጎኗን በመዳፌ ሁለቴ መታሁ። «ሳበው!» አባቴ ማርሽ ሲያስገባ በመስታወቱ ውስጥ ጥርሱ ይታየኝ ነበር።

ፍልውሃ ደርሰን ስንመለስ ገበሬው ባለ ከረባቱን፣ «ብድር ስትሰጡ በሬ በመያዣ ትይዛላችሁ?» ይለዋል። «ኧረ ጌታዬ፣ በሬው የት ይታሰራል?» «አንተ ወንበር ላይ ነዋ!» መኪናዋ በሳቅ ትነቃነቅ ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ኦቦ ለሜሳ ድምፅ ማጉያውን ይዘው፣ ማቆያው ቤት ጣሪያ አገኘ ብለው አበሠሩ። ሜዳው በእልልታ ተናወጠ። ያን ጊዜ እኛ የመጨረሻውን ጭነት ይዘን እየገባን ነበር፤ ከኮፈኑ ሥር «ጧ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ቺንጋው

የተበጠሰው ቺንጋ ነው፤ የሞተሩን ማራገቢያ የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ። ያለ እሱ ሞተሩ ወዲያው ይግላል። እሑድ ስለሆነ ከመለዋወጫ ሱቆቹ የተከፈተው አንድ ብቻ ነበር፤ ለእሷ የሚሆን ልክ የለውም። የኤንትሬው ሹፌር በቅንነት፣ «አባባ፣ አይጨነቁ፤ እስከ ቤትዎ በር ድረስ ጎትቼ አደርስዎታለሁ» አለ። አባቴ አመሰገነውና የተበጠሰውን ቺንጋ መዳፉ ላይ ጠቀለለው።

ቺንጋውን ከእጁ ወስጄ ወደ ገመድ ገማጆቹ እግሬ ራሱ ወሰደኝ። ከሐሮ ወንጪ ከመጡት ሴቶች ትልቋ፣ አዴ ጫልቱ የምትባለው፣ ቃጫ ጭኗ ላይ እየፈተለች ነበር።

«ገመድ ፈልጌ ነበር፤ ጠንካራ።»

«ለላም ነው ለአህያ?»

«ለመኪና።»

ጓደኞቿ ሳቁ፤ እሷ አልሳቀችም። የተበጠሰውን ቺንጋ ተቀብላ በክንዷ ለካችው። ቃጫውን ውሃ ነክራ ሦስት ቦታ ከፈለችና መጎንጎን ጀመረች። ጫፉን ልቋጥርላት ስል እጄን መታችኝ።

«ቋጠሮ ካለበት በእያንዳንዱ ዙር ይዘላል። ጫፉን መልሰሽ ሆዱ ውስጥ ቅበሪው። አንዱ ብቻ ቤት አያደርሳችሁም፤ ያዢ፣ ሁለተኛውን አንቺ ጎንጉኚ።»

ሁለተኛው የእኔ ሥራ ነው። ሦስተኛውን እሷ ጨረሰችው። ልከፍላት ስል ወደ መዋጮው ሳጥን ጠቆመችኝ። አባቴ የመጀመሪያውን ገጥሞ ሞተሩን አስነሳ። ማራገቢያው ዞረ።

ከዚያ በኋላ መንገዳችንን የቆጠርነው በገመድ ነው። የመጀመሪያው ጊንጪን ሳናልፍ ተበጠሰ። እኔ የጎነጎንኩት አዲስ ዓለም ድረስ አመጣን፤ ይህን በኩራት ነው የምጽፈው። በሦስተኛው ሆለታን ስናልፍ የትናንቱ ባለ ጋሪ መንገድ ዳር ቆሞ ነበር። አንገቴን አውጥቼ፣ «እንጎትትህ?» አልኩት። እኔ!

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በራሳችን ጎማ ግቢ ገባን። እናቴ ኮፈኑን አስከፍታ ገመዱን አየች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«በራሷ ጎማ ነው ያልሽው» አላት አባቴ። «በራሷ ቺንጋ አላልሽም።»

እናቴ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ጫፍን መቅበርና ድምፅን አለመቅበር ነው።

ሰኞ ጠዋት

አባቴ ደክሞት ተኝቷል። ነጋዴው ሚዛኑን በአይሱዙ ጭኖ ከሹፌሩ ጋር በሩ ላይ ደረሰ። እናቴ እኔን አየችኝና በአገጯ ወደ በሩ ጠቆመችኝ። ወጣሁ።

«እህቴ፣ አሮጌዋን ብረት ልንጭን ነው፤ በሩን ክፈቺልን።»

«አትሸጥም። በትናንትናው ቀን ከአምቦ የመጣች መኪና ናት።»

«ኧረ ተይ! እዚህ ድረስ ነዳጅ አቃጥዬ?» አለና የአይሱዙውን በር ከፍቶ ሊወርድ አንድ እግሩን አወጣ።

የአይሱዙውን ጎን በመዳፌ ሁለቴ መታሁ።

«ሳበው!»

ሹፌሩም ታክሲ ነድቶ ሳያውቅ አይቀርም፣ ልማድ ሆኖበት ማርሽ አስገባና ሄደ። ነጋዴው አንድ እግሩን እንዳንጠለጠለ እስከ ቅያሱ ይጮህ ነበር፤ እናቴም የታጠበውን አንሶላ አምጥታ ውይይቷ ጣራ ላይ አሰጣችው።